ምራቂው የቀረ ለታ

ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ ከአሮጌው ምጣድ ጀርባ አንድ የታጠፈ ማዳበሪያ አገኘሁ። ስዘረጋው ነጭ ነገር ቦነነ። አቧራ መስሎኝ ነበር። ነቀዝ የፈጨው በቆሎ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና "ያ የኮሮና ጊዜው ነው እንዴ?" አለችኝ። እሱ ነው። "ታዲያ ምን ታቅፈሽ ትቆሚያለሽ? ጣይው እንጂ!"

ጣልኩት። ነገሩ ግን ከራሴ አልወጣ አለ። በውስጤ ሲብላላ የኖረው በቆሎው አይደለም። በቆሎውን በገዛሁ ቀን አንድ ጣሳ ጤፍ በምራቂ ተሰጥቶኝ ነበር። የምትከነክነኝ ያቺ ጣሳ ናት። እስከዛሬ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ወሬም አትሆንም እኮ። ስለ ምራቂ ማን ያወራል?

የጅማ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪ። እህል የምሸምተው ሂርማታ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ። እዚህ ላደገ ሰው የሐሙስን ገበያ ማስረዳት ውኃ ለአዌቱ ወንዝ እንደ መሸጥ ነው፤ ስለዚህ አልሞክረውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1950ዎቹ እዚህ የተቀመጠ አንድ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት፣ በበጋ ገበያው በደመቀ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው ይመጣል ብሎ ጽፏል። ይህን ሳነብ በኩራት ነው ያነበብኩት። ያ ሁሉ ሰው በምን መጣ? ምን ተሸክሞ? ብዬ አልጠየቅኩም። ያስጠየቀኝ ኮሮና ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል፣ እኛ ሰፈር መጀመሪያ የተወደደው ጤፍ አልነበረም። ነጭ ሽንኩርት ነው። ቀጥሎ ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ሎሚ። ፌጦ እንደ ወርቅ ተፈለገች። እናቴ ባሕር ዛፍ አፍልታ "ታጠኑ" እያለች ቤቱን እንደ ኅዳር 12 በጭስ ሞላችው። እኔም አልቀረሁም፤ በሻይ ላይ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ የጠጣሁበት ሳምንት አለ። ሳስታውሰው አሁንም ይሸተኛል።

መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው ተባለ። እኔ ቤት ዋልኩ። ደመወዜ ግን በወሩ ገባ።

እናቴ በ77 ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሰው ናት። በሽታውን ብዙም አልፈራችውም። የፈራችው መንገድ እንዳይዘጋ ነው። ክልሎች ከከተማ ከተማ የሚሄደውን የሕዝብ ትራንስፖርት ሲያቆሙ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሳች። መጋቢት 30፣ ረቡዕ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዜናውን አብረን ሰማን። እናቴ ሁሉንም በዝምታ አዳመጠችና "ነገ ሐሙስ ነው" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ገባኝ።

ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ጣሪያ ላስቀይርበት ያስቀመጥኩትን ብር ይዤ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ሂርማታ እንግዳ ሆነብኝ። ግማሹ ገበያ ጭር ብሏል፣ ግማሹ ሊፈነዳ ደርሷል። መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ጎደሬውን፣ ጎመኑን፣ ሁለት ሦስት ቁና በቆሏቸውን ይዘው የሚቀመጡት ሴቶች አብዛኞቹ የሉም። የእህል ሱቆቹ በር ግን ሰው በሰው ነው። ፋሲካ 10 ቀን ቀርቶታል፣ ረመዳን 15 ቀን። ሁሉም የቀረው ጊዜ ያለቀበት መስሎታል። ርቀታችሁን ጠብቁ የሚል ወጣት ሜጋፎን ይዞ ይዞራል፤ እሱም እየተገፋ ነው የሚዞረው።

ወደ ደንበኛዬ ሄድኩ። እኚህ ሰው ከእናቴ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ የተዋወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ዋጋውን ሲነግሩኝ ከባለፈው ሐሙስ ጨምሯል። ተከራከርኩ እንዳይባል ያህል ተከራከርኩ። ከዚያ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል በቆሎ አልኩ። እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ። ሦስት ሰው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሳይቸግረኝ ጤፍ ሸመታ ገባሁ።

ተሸካሚው ማዳበሪያውን እስኪሰፋ ቆሜ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴትዮ በጎኔ አልፋ ፌስታሏን ዘረጋች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። አፏን በነጠላ ሸፍናለች።

"አምስት ጣሳ" አለች።

"ዛሬ አነሰች?" አሏት። ታውቃቸዋለች ማለት ነው።

"ተማሪው ወደየአገሩ ተሸኘ፣ ለማን ልጋግር? ይቺ ለልጆቼ ናት።"

ለተማሪዎች እንጀራ የምትሸጥ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ በአንድ ቀን ገበያ ያጣ ስንት ሰው ነበር! እንጀራ ጋጋሪው፣ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ።

ሰፈሩላት። እንደ ወትሮው ቆልለው አይደለም። ጣሳውን ይሞላሉ፣ አፉን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ፣ ይገለብጣሉ። አንድ። ጠረግ። ሁለት። ጠረግ። አምስተኛው ተገለበጠ። ሴትዮዋ ፌስታሏን አልዘጋችም። ከፍታ ጠበቀች። ይቺን ጥበቃ ሁላችንም እናውቃታለን።

"ምራቂውስ፣ ጋሼ?"

"ምራቂውንማ ኮሮና በላው፣ ልጄ።"

በሩ ላይ የነበርነው ሁላችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እሷም የሳቀች መሰለኝ፤ በነጠላው ምክንያት እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ጣሳውን ወደ ተከፈተው ጆንያ ሰደዱት። እስኪፈስ ቆለሉት። ዘንቢሌ ውስጥ ገለበጡትና "ይቺ ለእናትሽ ናት፤ ሰላም በይልኝ" አሉ።

ሴትዮዋ አየች። እኔን አይደለም ያየችው። ጣሳውን ነው። ዓይኗ ከጣሳው ጋር ከጆንያው ተነስቶ እስከ ዘንቢሌ ድረስ ሄደ። ከዚያ ፌስታሏን ቋጠረችና ወጣች።

እኔ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

ያልኩት ያንን ብቻ ነው። ያቺን ጣሳ ወደ እሷ ፌስታል መገልበጥ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነበር። ለምን አላደረግኩትም? ለዓመታት ለራሴ ሰበብ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ተሰደብኩ ትል ይሆናል ብዬ ነው። ጋሼን አሳፍራለሁ ብዬ ነው። ውሸት ነው፣ ያኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። እውነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓለም በተጨነቀበት ቀን እኔ የሆነ ሰው ደንበኛ ነኝ። ምራቂ ለሌላው ሲቀር ለኔ አልቀረም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ዳመራ ያህል እህል በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ምራቂውን ለብቻው በሳህን አስቀመጠችው። "እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ" አለች።

ጭነት ይለፍ፣ ሰው ይቁም

ሰኔ ላይ እንደገና ሄድኩ። ለመግዛት አልነበረም፤ ቤቴ ሙሉ ነው። ለመውቀስ ነው የሄድኩት ብል ይሻላል። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ ስግብግብ ነጋዴ ነበር። ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች በየከተማው ታሽገዋል። እኔም በልቤ ያንን ይዣለሁ። እህል አልጠፋም፤ መኸሩ ከገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። ጭነት መኪና አልተከለከለም። ታዲያ ዋጋው ለምን ይወጣል? ከስግብግብነት በቀር ምን ሊሆን ይችላል?

እንዲህ ብዬ ጋሼን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። በርጩማ ሰጡኝና እንደ ተማሪ ይጠይቁኝ ጀመር።

"ቲቸር፣ እዚያ ጥግ በቆሎ ይዘው የሚቀመጡት ሴትዮ የት አሉ?"

"የቱ? የደዶዋ?"

"እሳቸው። በምን ነበር የሚመጡት?"

"በሚኒባስ።"

"በቆሏቸውስ?"

ዝም አልኩ።

"በቆሏቸውስ በምን ነበር የሚመጣው?"

በዚያው ሚኒባስ ነዋ። ጣሪያው ላይ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በሰርቦ፣ በሰቃ፣ በአጋሮ መንገድ የሚመጣ ሚኒባስ ከላይ ምን እንደሚጭን ልጅ ሆኜ ጀምሮ አይቻለሁ። ጆንያ፣ ዶሮ፣ የጎመን እስር፣ የማር ማሰሮ። ከታች ሰው፣ ከላይ ገበያ። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ጭነትና ሰው የተለያዩ ነገሮች መስለዋቸዋል። ጭነት ይለፍ፣ ሰው ይቁም። በአስፋልት ላይ ላለው አይሱዙ ልክ ነው። ለባህላዊ ገበያ ግን ሰውየው ራሱ ነው ጭነት መኪናው። እሱን ስታቆመው ጆንያውም ይቆማል።

ጋሼ ቀጠሉ። እኔ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። እነዚያ ሴቶች አንድ አንዳቸው የሚያመጡት እህል ለአፍ ነው። ሁለት ቁና፣ ግማሽ ጆንያ። ግን ብዙ ናቸው። ብዙ ስለሆኑም አንዱ ነጋዴ ዋጋ ቢሰቅል ሸማቹ ጥሎት ወደነሱ ይሄዳል። እነሱ ሲቀሩ ገጠር ገብቶ የሚሰበስበው ባለመኪና ብቻ ቀረ። ገበሬው ጋ ሄዶ "ጅማ ገበያ የለም፣ በሽታ ነው" ይለዋል። ገበሬው ሄዶ አያይ ነገር፣ መንገዱ ዝግ ነው። የተባለውን ይቀበላል። ወደ ከተማ ሲመጣ ያው ሰው "ገጠር እህል የለም" ይላል። እኛም ሄደን አናይ። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት የሚሰፋው እንዲህ ነው። ደዶ ላይ ረክሶ ጅማ ላይ ይወደዳል።

"እርስዎስ?" አልኳቸው። "እርስዎም ጨምረዋል።"

"ጨምሬያለሁ። የሸጥኩትን በስንት እንደምተካው አላውቅማ። ዛሬ በገዛሁበት ላይ ትንሽ አትርፌ ብሸጥ፣ ነገ ልተካው ስሄድ ከሸጥኩበት በላይ ከሆነ ምኑን ነገድኩት? ጆንያ ሙሉ ሸጬ ግማሽ ጆንያ ይዤ እገባለሁ።"

ይህን መልስ ስሰማ ግማሹን አመንኩ፣ ግማሹን አላመንኩም። ነጋዴ ናቸው፤ ለነጋዴ የሚመች ሂሳብ ነው። ግን በኋላ ሳስበው እኔም ያን ሐሙስ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ነገ በስንት እንደምገዛው አላውቅም ብዬ የዓመቱን በአንድ ቀን ገዛሁ። እሳቸው ፍርሃታቸውን ዋጋው ላይ ጨመሩት። እኔ ፍርሃቴን በጋሪ ጫንኩት። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ደግሞ ሁሉም ነገር አልተወደደም። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያን ሰሞን አቮካዶ እንደዚያ ረክሶ አይቼ አላውቅም። ከጎማና ከማና ወረዳዎች የሚመጣው ፍሬ ወደ አዲስ አበባ እንደ ልብ አልሄድ ሲል በመንገዱ ዳር ተቆልሎ ጠቆረ። ሆቴሉና ካፌው ሲቀዘቅዝ ወተት የሚያከፋፍሉ ጎረቤቶቻችን ለሰፈር ልጆች በጆግ ይሰጡ ነበር። የሚቆይ እህል ተወደደ፣ የማይቆይ ረከሰ። ጤፍ ይጠብቃል፣ አቮካዶ አይጠብቅም። የሚጠብቅ ነገር ያለው ሰው ተጠቀመ፣ ቲማቲም የያዘች ሴት ከሰረች። አዲስ አበባ አትክልት ተራው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር በቴሌቪዥን አይተን ነበር። ሰው ይራራቅ ተብሎ ነው። ቲማቲሙ ግን መራራቅ አይችልም፤ የተነባበረበት ጆንያና ሳጥን ውስጥ ይበሰብሳል።

የሱቅ እሸጋውም ያሰበውን አላደረገም። ዋጋ አትጨምር ሲባሉ ብዙ ነጋዴዎች አልጨመሩም፤ ግን "አልቋል" አሉ። አልቋል የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነው። ለሚያውቁት ከጓሮ ይወጣል። ዋጋው ሲታሰር ዝምድና ዋጋ ሆነ። የኔን ጣሳ አሁን ስመዝናት እዚህ ጋ ታርፋለች። ጋሼ እናቴን ስለሚወዱ ብቻ አልሰጡኝም። ሦስት ኩንታል በአንድ ጊዜ በጥሬ ብር የሚገዛ ሰው በዚያ ሳምንት ለእሳቸው ሲሳይ ነው፤ በዚያች ብር ዋጋ ሳይጨምር ሄደው ይተካሉ። አምስት ጣሳ የምትገዛዋ ግን ምን ታደርግላቸዋለች? ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል በጅማ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ አየሁት።

አማካይ የሚባል ሰው

ከጊዜ በኋላ ነገሩ ስላልተወኝ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በየወሩ የምግብ ዋጋ መለኪያ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የዓለም የምግብ ዋጋ ከዲሴምበር 2018 ወዲህ ዝቅተኛው ላይ ነበር። ደግሜ አነበብኩት። እኛ ሂርማታ ላይ ስንጋፋ ዓለም ላይ እየረከሰ ነበር! ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር የሚቆጥር መለኪያ ነው። ጤፍማ ጭራሹን እዚያ ውስጥ የለችም። ደዶ ያሉት ሴትዮም የሉም።

ሌላ ደግሞ አለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ነሐሴ 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ቤተሰቦችን በስልክ ጠይቀው፣ ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲያወዳድሩት፣ በአማካይ የምግብ ፍጆታ ያን ያህል እንዳልቀነሰ አገኙ። እንደማልዋሽ ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። ልክ ሊሆን ይችላል እኮ። እኔን ቢጠይቁኝ ምን እል ነበር? "አልቀነሰብንም።" እንዲያውም ጨምሮልናል፤ ቤት ውለን ገንፎ ስናገነፋ ነው የከረምነው። እሷ ደግሞ ቀንሶባታል። ሁለታችንን ደምረው ለሁለት ሲያካፍሉን አንድ ደህና የበላች ሴት ትወጣለች። ያቺን ሴት ሂርማታ ላይ አይቻት አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ ሁሉን በኮሮና ማላከክም አይሆንም። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እህል በየዓመቱ ይወደዳል፤ እሸት እስኪደርስ ጎተራ ይጎድላል። ይህን የጅማ ሕፃን ያውቃል። የዋጋ ንረቱም ቀድሞ የጀመረ ነው። የአገሪቱ ዓመታዊ ንረት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 16 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 20 በመቶ ገደማ ሆነ። ወረርሽኙ በነደደ እሳት ላይ ነው የመጣው። የትኛው ጭስ ከየትኛው እንጨት እንደወጣ እኔ ለይቼ አልናገርም። ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ ሐዘን መጣ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነት። የቱን ከየቱ ትለያለህ?

አንድ ነገር ግን ለይቼ አውቃለሁ። ያ ሐሙስ የጣሳው ዋጋ ከጨመረው በላይ፣ ቁልሉ ቀነሰ። ቁልሉ የቀነሰውን፣ ምራቂውም የቀረውን፣ የትኛውም መዝጋቢ አልመዘገበውም። ዋጋ የሚመዘግብ ሰው ጣሳው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ጣሳው ምን ያህል ተቆልሏል ብሎ አይጠይቅም። ኩንታል ለሚገዛ ሰው ቁልል የሚባል ነገር የለም፤ ኩንታል ኩንታል ነው። ለእኔ ዋጋው በአንድ በኩል ብቻ ነው የጨመረው። ለእሷ በሁለት በኩል።

ነቀዙ

ጤፍ አይነቅዝም። ደቃቅነቷ ጠቅሟታል፤ ነቀዝ የሚገባበት ቦታ የላትም። ሁለቱ ኩንታል እስከ ዓመቱ በላናቸው። በቆሎው ግን ነሐሴ ላይ ሲከፈት ማዳበሪያው ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። እናቴ ወንፊቷን ይዛ ግቢ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ነፋች፣ ለየች፣ አሰጣች። ግማሹን ለዶሮ በተንነው። የቀረውን አስፈጭተን ቂጣ ጋገርን፤ ይመርር ነበር። እናቴ ያንን ቂጣ ስትበላ ምንም አላለችም። በ77 ያየችው ትዝ ብሏት ይሁን፣ በእኔ አፍራ ይሁን፣ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሳምንት ሂርማታ ላይ በቆሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። በጣሳ።

ማዳበሪያውን የጣልኩ ሳምንት ሐሙስ ገበያ ወጣሁ። ጋሼ አርጅተዋል። አሁን ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣሳው የለም። ዲጂታል ሚዛን ገብቷል። ልጁ አምስት ኪሎ ሲመዝንልኝ ቁጥሩ ከአምስት ትንሽ አለፈ። በሦስት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ መለሰው። ቁጥሩ ልክ አምስት ሆነ። ፌስታሌን ከፍቼ ጠበቅኩ፤ ልማድ ነው። ልጁ "ጨርሰናል፣ ቲቸር" አለኝ።

ወደ ጋሼ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጌ አነሳሁት። በኮሮና ጊዜ፣ አዋጁ በታወጀ ማግስት፣ አምስት ጣሳ ጤፍ የገዛች እንጀራ ጋጋሪ፣ ነጠላ የለበሰች፣ ምራቂ ጠይቃዎት የነበረች። ያስታውሷታል?

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ከልባቸው ነው ያሰቡት።

"የትኛዋ?" አሉኝ። "ያኔ ምራቂ ያልጠየቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"